በአንድ ዓይን የተሣለው አቶ ተሻለ

የሙዚቃ ክሊፕ የጥንቱን ሥዕል እየዘረፈ ያረክሳል ከሚሉ ሰዎች ጋር ስጣላ ኖሬአለሁ። የእኛ አባቶችስ ምን አደረጉ? ከባሕር ማዶ የመጣውን የማርያም ሥዕል ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት። መቅዳት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳያውቁ መቅዳት ነው።

ይህን የምለው አውቄ ነው። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር፣ እኔም አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ተምሬአለሁ። ጅግጅጋ ተመድቤ ሥዕል ማስተማር ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። በየዓመቱ የዝውውር ማመልከቻ አስገባለሁ፤ የኮሌጃችን የሰው ኃይል ኃላፊ አቶ ተሻለ በየዓመቱ በትሕትና ተቀብሎ ካቢኔቱ ውስጥ ይቆልፍበታል።

ዋርሳሜ በጅግጅጋ ዙሪያ፣ ከአውበሬ እስከ ቱሊ ጉሌድ፣ ሠርግ የሚቀርጽ ሰው ነው። ባለፈው ጥቅምት ሻሚስ ለምትባል ዘፋኝ ክሊፕ ሊሠራ ተነሣ። ዘፈኑ አባቷ ቤት ስለዘጋባት ልጅ ነው። የድሮ የአውሮፓ ሥዕሎች በስልኩ አሳየኝ፦ አንድ መስኮት፣ ጠረጴዛ፣ አንገቷን የደፋች ሴት።

«መዓሊማ፣ ይህን ብርሃን ከየት እናምጣው?» አለኝ፤ በሶማልኛ መምህርት ማለቱ ነው።

ፀሐይ በቀጥታ ከማይገባበት ከሰሜን መስኮት አልኩት። እንዲህ ያለ ሰፊ መስኮት የማውቀው በኮሌጃችን አሮጌ አዳራሽ ነው። ቁልፉ ደግሞ አቶ ተሻለ ኪስ ውስጥ ነበር። «እኔም ክሊፑ ላይ ካልወጣሁ አልሰጥም» አለ። የዘፈኑን አባት ሆኖ እንዲታይ ተስማማን፤ ሽርጥ አስታጥቀን፣ ኮፍያ ደፍተንለት አስቀመጥነው።

ዋርሳሜ ካሜራውን ሲያስተካክል አቶ ተሻለን ስለ ማመልከቻዬ ጠየቅሁት። ከነሽርጡ ተመቻችቶ፣ «መስኮት አገኘሽ፣ ብርሃን አገኘሽ፤ ሌላ ምን ቀረሽ?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ፤ ሻሚስ ሳትቀር።

ደሜ ፈላ። ሄጄ ወንበሩን አዞርኩት። ሻሚስ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኗ ወለል ብሎ ታየች፤ እሱ በጎን፣ በአንድ ዓይን ቀረ። በአባቴ ሙያ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ይሁዳና ሰይጣን ግን በአንድ። ዋርሳሜ የአቶ ተሻለ አፍንጫ በጎን ሲያዩት ያምራል ብሎ ቀረጸው። ጅግጅጋ ላይ ይህን ስድብ ማን ያነበዋል ብዬ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ክሊፑ ወጣ። የባጃጅ ነጂዎች አቶ ተሻለን የሻሚስ አባት እያሉ በነፃ ይጭኑት ጀመር። ደስታው ልኩን ሲያልፍ ካቢኔቱም ተከፈተ። ደብረ ብርሃን አንድ ኮሌጅ ሊቀበለኝ ተስማማ፤ የቀረው የአቶ ተሻለ ፊርማ ብቻ ነበር። ለጥምቀት አገሬ ደርሼ ስመለስ እፈርምልሻለሁ አለኝ። መጻሕፍቴን በካርቶን አሰርኩ።

ሲመለስ አስጠራኝ። ማመልከቻዬ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እስክሪብቶው ተከፍቷል፤ ስልኩ ላይ ክሊፑ እሱ ጋ ሲደርስ ቆሟል።

«ለእናቴ አሳየኋት» አለ። «በስንት ደስታ! አይታ አይታ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ልጄ፣ ምን በድለሃቸው ነው በአንድ ዓይን የሣሉህ?›»

ስልኩን ወደ እኔ አዞረው።

«ዋርሳሜ የብርሃን ጉዳይ ነው ይላል። እውነት የብርሃን ነው?»

አዎ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አንድ ቃል፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን። ነገር ግን አዎ ካልኩ ሳታውቅ የምትቀዳዋ እኔ ነኝ፤ የአባቴም ሙያ የመስኮት ጉዳይ ሆኖ ይቀራል።

«የብርሃን አይደለም» አልኩት። «አስቤበት ነው ያዞርኩዎት።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ማመልከቻው ላይ «ምትክ የማይገኝላት ባለሙያ በመሆኗ ኮሌጁ አይለቃትም» ብሎ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ጻፈና ካቢኔቱን ቆለፈ። ከዚያ ለእናቱ የሚልከው ሥዕል እንድሠራለት አዘዘ፤ ሁለቱም ዓይኖቹ የሚታዩበት። ሲያልቅ ስለ ዝውውሩ እንነጋገራለን አለ።

ይኸው በየሳምንቱ አሮጌው አዳራሽ ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ይቀመጥልኛል። ካርቶኖቹ እንደታሰሩ ናቸው። ቀኝ ዓይኑን ከጨረስኩ ወር አለፈ። ግራው ላይ ስደርስ እጄ ይቆማል፤ እፍቃለሁ፣ እንደገና እጀምራለሁ።

«አትቸኩይ» ይለኛል፣ ፊት ለፊት እያየኝ። «ማን ይወስድሻል?»