ካውያው እስኪሞቅ

«ሁልጊዜ የሚቀድሙን እርስዎ ነዎት ማለት ነው?»

ጠያቂዋ የአውቶቡስ ሾፌር ናት። ለቅሶ ልትደርስ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣች የደንብ ልብሷን አላወለቀችም። የሻይ ብርጭቆዋን አየር ላይ እንደያዘች እናትየውን ትክ ብላ አየቻት። እናትየው ይህችን ሴት ከዚህ በፊት አይታት አታውቅም።

«የት ነው የምቀድማችሁ፣ ልጄ?»

«የልጅዎ ብሎግ ላይ ነዋ! አዲስ ጽሑፍ ስታወጣ መጀመሪያ ‹ወደድኩት› የምትለዋን ልብ ይጫኑ የነበሩት እርስዎ ነዎት። ‹እማዬ› ይላል ስምዎ። እኛ አንባቢዎቹ ‹ዛሬም እማዬ ቀደመችን› እንባባል ነበር። ለመሆኑ ከሁሉም የትኛውን ወደዱት?»

ልጇ ብሎጉን ከከፈተች ጀምሮ እናትየው ያልተጫነችው ልብ የለም። ያነበበችው ግን አንድም የለም። ድስት እያማሰለችም ይሁን ልብስ እያጠበች፣ ስልኳ ሲጮህ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትሮጥ ነበር። ማንም ባይወድላትስ? ልጄ ባዶ ቤት ውስጥ ስታወራ ብትውልስ? የሚያስጨንቃት ይኸው ነበር።

«ሁሉንም» አለች በመጨረሻ።

«እኔ የኪሱን ነው የምወደው» አለች ሾፌሯ። «ኮት ከማጠቧ በፊት ኪሱ ውስጥ ስንት ጉድ እንደምታገኝ ጽፋ፣ ‹ያገኘሁትን ለባለቤቱ እመልሳለሁ፤ ያየሁትን ለማንም አልናገርም፤ እኛ የባሃኢ እምነት ተከታዮች ሐሜትን እንደ እሳት እንሸሻለን› አለች። ከዚያ ወዲህ ሥራ ቦታ ሰው መታማት ሲጀምር ተነስቼ ጎማ አያለሁ። ጓደኞቼ ‹ያንቺ ጎማ ብቻ ነው እንዴ የሚተነፍሰው?› ይሉኛል።»

እናትየው ሳቀች። ለቅሶ ቤት መሳቋ ራሷን አስደነገጣትና አፏን በነጠላዋ ያዘች። ልጄ ይህን ጽፋለች? ሌላስ ምን ጽፋ ይሆን?

ልጇ ልብስ አጥበው የሚተኩሱበት ሱቅ ውስጥ ነበር የምትሠራው። የጨርቅ ጭምትርትርም የሰው ጠብም አይታ ማለፍ ስለማይሆንላት ባልደረቦቿ «ካውያ» ይሏታል። ብሎጉን የምትጽፈው ካውያው እስኪሞቅ ቆማ ስለነበር ስሙንም እንዲያው «ካውያው እስኪሞቅ» አለችው።

«አንዴ ብታነቢልኝ ምናለ?» ብላት ነበር እናትየው።

«አይሆንም፣ እማዬ። በእኛ እምነት ሰው እውነትን በራሱ ዓይን ነው የሚፈልገው። እኔ ካነበብኩልሽ ስለምትወጂኝ ብቻ ሁሉንም እሺ ትያለሽ። እኔ በሬን ከፍቼ እቀመጣለሁ እንጂ ሰው በክንዱ አልጎትትም። ፊደል መማር ጀምረሽ የለ?»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያማ ልብሽን እቀበላለሁ» አለችና ሳቀች። «ሳታዪ የወደድሽውን አንድ ቀን አይተሽ ትወጂልኛለሽ።»

ከዚያ ያ ክፉ ትኩሳት መጣ። ለልጅቷ ሳምንትም አልሰጣት።

ሾፌሯ ተሰናብታ ስትወጣ የእናትየው ታላቅ እህት ወንበሯን ጎተተች።

«እነዚህ የማናውቃቸው ሰዎች ከየት ነው የሚመጡት? ነገ ዘመድ ቢሰማ ‹ሃይማኖቷን መለወጧ ሳያንስ ሰው ልታስለውጥ› ይላል። ይዘጋ እንጂ ይሄ ነገር!»

«ማምሻውን እዘጋዋለሁ፣ አክስቴ» አለ የእናትየው ወንድ ልጅ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የብሎጉን የይለፍ ቃል እህቱ ለእሱ ነበር የሰጠችው። «ስሟ የሰው አፍ ማሟሻ አይሆንም።»

እናትየው ቀና አለች። «ምን እንደጻፈች አንብበሃል?»

«እኔ? ጊዜ የት አግኝቼ!»

«አንቺስ፣ እታለም?»

«እግዜር ያውጣኝ!»

«እንግዲያው ሦስታችንም ሳናነብ ነው የምንፈርድባት።»

አክስትየው ያላለቀ ሻይዋን ማማሰል ጀመረች።

«አትዝጋው» አለች እናትየው።

«እስከ መቼ?»

«እስክጨርሰው።»

«እማ… አንቺ እኮ አንድ መስመር ለመጨረስ ግማሽ ቀን ነው የሚፈጅብሽ።»

«ታዲያ ምን አስቸኮለህ?»

አክስትየው ሳቋን በሳል ሸፈነች። ልጅየው አንገቱን ሰበረና «እሺ በቃ» አለ።

እናትየው ብርሃን ወዳለበት መስኮት ሄዳ ተቀመጠች። ስልኳ ላይ ብሎጉን ከፍታ በጣቷ ወደ ታች ገፋች፣ ገፋች፤ ልጇ መጀመሪያ የጻፈችው ጋ ስትደርስ ቆመች። ከጽሑፉ ግርጌ ያች የተጫነቻት ልብ ቀልታ ተቀምጣለች። እናትየው በጣቷ ነካቻት። ቅላቷ ጠፍቶ ባዶ ሆነች።

ልጅየው ከጀርባዋ ቆሞ ያይ ነበር። «እማ፣ አጠፋሽው እኮ!»

«አውቃለሁ፤ አንብቤ እመልሳታለሁ» አለችው።

ጣቷን ወደ ላይ መለሰችና ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አሳረፈችው።

«ካ…» አለች።