አስራ አራት፣ አለሁ

“አስራ ሦስት!” አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ወዲያው አፏን በመዳፏ ያዘች።

አውቶቡሱ ውስጥ ከፊት ወረቀት ይዞ የቆመው ሰብሳቢ ብዕሩን እንዳነሳ ቀረ። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሁለት ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ ካለፈ በኋላ ከመሃል አንድ ወፍራም ድምፅ “አስራ አምስት” አለ፤ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ቀስ ብሎ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ እንደ ወትሮው እየተቀባበለ እስከ ሠላሳ አንድ ሄደ።

“ሁላችንም አለን” አለ ሰብሳቢው። ያለው ነገር ለራሱም ደስ ስላላለው ጉሮሮውን ጠረገ። “ማለቴ፣ የተመዘገብነው አለን። ሾፌር፣ እንሂድ!”

የቅዳሜ ልጆች ይባላሉ፤ አብዛኞቹ ግን ልጅነትን ከተሰናበቱ ቆይተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን ቤት እየሄዱ ጣራ ይጠግናሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ አጫውተዋቸው ይመለሳሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ አውቶቡስ ተከራይተው ለሽርሽር ይወጣሉ። ትኬቱን ከዋጋው ከፍ አድርገው ይሸጡታል፤ ትርፉ ለአረጋውያኑ ነው። አዲስ አባል ሲገባ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ መጀመሪያ ለጉዞ ቆጠራ ተብሎ የመጣ ቢሆንም እያደር እንደ ስም ሆኗል። “ሰባት፣ መዶሻውን ወዲህ በለው” ይባባላሉ። “ሃያ ሁለት እኮ ሴት ልጅ ተወለደችለት!”

አስራ አራት ቁጥር ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ከሞቱ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ቁጥራቸውን የወሰደ የለም። የዘንድሮው ገንዘብ በእሳቸው መታሰቢያ ለአረጋውያኑ ፍራሽ ሊገዛበት ታስቧል።

ልብስ ሰፊዋ አፏን የያዘችው ግን ከሐዘን አልነበረም። ሊወጣ የሚችለውን ድምፅ ፈርታ ነው።

ነገሩ ከተጀመረ አምስት ዓመት ይሆነዋል። አስተማሪዋ አውቶቡስ ላይ ሲወጡ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ሁልጊዜ ከልብስ ሰፊዋ ጎን ነበር የሚቀመጡት። አንድ ቀን ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብለው “ቁጥር ሲጠራ አንቺ መልሺልኝ፤ በእኔ ድምፅ” አሏት። “ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ስም ስጠራ፣ ለቀረው ጓደኛቸው ‘አቤት’ እያሉ ሲያታልሉኝ ኖረዋል። አንድም ቀን አልያዝኳቸውም። እስቲ ደግሞ እኔ ልሞክረው።”

ሞከሩት። ልብስ ሰፊዋ ሰው ማስመሰል ከልጅነቷ ጀምሮ ይዋጣላታል። ቀጭኑን፣ መጨረሻው ላይ ሽቅብ የሚለውን ድምፅ አውጥታ “አስራ አራት! አለሁ፣ ልጆቼ” አለች። ማንም አልነቃባቸውም። አስተማሪዋ ሹራባቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ተኙም አልተኙም፣ የምትመልስላቸው እሷ ነበረች። ምስጢሩም የሁለቱ ብቻ ነበር።

ባለፈው ዓመት ሲመለሱ ዶፍ ይጥል ነበር። አንድ ነዳጅ ማደያ ጋ ለመጸዳጃ ቆሙ። ልብስ ሰፊዋ አልወረደችም፤ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ አሸልባ ነበር። ቁጥር ሲጠራ በእንቅልፍ ልቧ “አስራ ሦስት” አለች። በአንድ ዓይኗ ወደ ጎን አየች፤ ወንበሩ ላይ የተከመረው ካፖርት የተኛ ሰው ይመስላል። ያም ድምፅ እንደ ልማዱ ከአፏ ወጣ። የዚያን ቀን የሚቆጥረው ከአባላቱ አንዱ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ነበር። ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረገ። አውቶቡሱ ሄደ።

መቅረታቸው የታወቀው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። ተመልሰው ሲመጡ አስተማሪዋ ከማደያው ርቀው፣ በዝናብ፣ አውቶቡሱ የሄደበትን አስፋልት ይዘው እየተጓዙ አገኟቸው። ተሳፍረው ከልብስ ሰፊዋ ጎን ሲቀመጡ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጭ ነበር። እጇን ብቻ ያዝ አደረጉ። በዘጠነኛው ቀን በሳንባ ምች አረፉ።

“መልሰዋል! በጆሮዬ ሰምቻለሁ!” እያለ ፀጉር አስተካካዩ ማለ፣ ተገዘተ። መጀመሪያ ሰዎች ተቆጡት። ቀምሶ ነበር ብለው ያሙትም አልጠፉም። ቆይቶ ግን ወሬው መልኩን ለወጠ፤ የመለሰችው የአስተማሪዋ ነፍስ ናት ተባለ። እሱም በዚህኛው ተስማማ። ከዚያ ወዲያ እስከ ዛሬዋ ጉዞ ድረስ ማኅበሩ ዘንድ ዝር ብሎ አያውቅም። ልብስ ሰፊዋ ልትናገር አፏን የከፈተችባቸው ቀኖች ነበሩ። እንደ ከፈተችው ዘጋችው።

ከሐዘኑ ወር በኋላ የአንዲት ሕፃን እጅጌ ስትለካ ሜትሩን አንብባ “አስራ አራት” አለች። የወጣው ድምፅ የእሷ አልነበረም። ሕፃኗ ከኋላዋ ማን እንዳለ ለማየት ዞረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ቁጥር አትጠራም፤ “አስራ ሦስትና አንድ” ትላለች። ልክ የሚጽፍላት ባሏ አንዱን ዘሎት የደንበኛ እጅጌ አጥሮ ተበላሽቷል።

“አስራ ሦስትና አንድ ብሎ ቁጥር ከየት የመጣ ነው? በስተርጅና ሂሳብ ልታስተምሪኝ ነው?” ብሎ ጮኾባት ነበር።

ዛሬ ከጎኗ የተቀመጠችው የአስተማሪዋ ልጅ ናት። ሠላሳ አንድ ቁጥር ተሰጥቷታል። ገና ስትገባ “እማዬ እዚህ ጋ ነበር አሉ የምትቀመጠው” ብላ ቦታውን ያዘች። ፀጉር አስተካካዩንም በስልክ ለምና ያመጣችው እሷ ነች። ብቻውን ከፊት ተቀምጧል።

ከተማው እንዳለቀ አንዱ አዲስ አባል፣ አናጢው፣ አንገቱን አስግጎ “ያ ነገር ግን እውነት ነው?” ሲል ጠየቀ።

“እንዴ! አልነገሩህም?” አለች ቶሎ ቶሎ የሚሏት አባል። ይህን ስም ያወጡላት ምላሷም እግሯም ስለማያርፍ ነው። “ሴትዮዋ ማደያው ጋ፣ ድምፃቸው እዚህ! ነፍሳቸው ቀድማ ተሳፍራለች ስልህ! ይኸው፣ ሰሚው እሱ ነው፤ ጠይቀው።”

ፀጉር አስተካካዩ ዞር አላለም። “ሰምቻለሁ” አለ። “አሁንም እሰማለሁ።”

“አሁን?” አናጢው የፊቱን ወንበር ጨበጠ።

“እዚህ አይደለም። ሱቄ ውስጥ፣ መቀሱን ሳንቀሳቅስ። ‘አለሁ’ ይሉኛል። ምን እንዳጠፋሁ ግን አይነግሩኝም።”

“ኧረ በናትህ ተወን! ለሽርሽር ነው የወጣነው” አለ ሾፌሩ። “እኔ እንደሆንኩ ትኬት ያልቆረጠ መንፈስ አልጭንም።”

ብዙዎቹ ሳቁ። ፀጉር አስተካካዩ አልሳቀም። ልብስ ሰፊዋ ከኋላ ሆና ማጅራቱን ታየዋለች፤ የሌላውን ሰው ፀጉር የሚያሳምረው ሰው የራሱ አድጎ ኮሌታው ላይ ተኝቷል።

ማደያው ጋ ሲደርሱ ሾፌሩ ሳይታዘዝ ፍጥነቱን ቀነሰ።

“ይሄ ነው?” አለች ልጅቷ።

“እሱ ነው” አለች ልብስ ሰፊዋ።

ልጅቷ ቦታው ከዓይን እስኪጠፋ ድረስ በመስኮት ስታይ ቆየች።

የሄዱት አንድ ግድብ ዳር፣ ዛፎች ጥላ ያደረጉበት ሜዳ ነው። ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ወጣ፣ ሻይ ከፔርሙዝ ተቀዳ። ከምሳ በኋላ ጨረታ ተጀመረ። የሚሸጠው ልብስ ሰፊዋ የሰፋችው ትራስ ሲሆን አጫራቿ ቶሎ ቶሎ ናት፤ ድንጋይ ላይ ወጥታለች።

“አስራ ሁለት መቶ ብለዋል ሰብሳቢያችን! ምነው ሌላው? እጃችሁን አይጥ በላው?”

“አስራ ሦስት መቶ!” አለ ሾፌሩ።

“አስራ ሦስት መቶ! የሚጨምር?”

ሰብሳቢው እጁን አነሳ፤ አፉን ከፈተ። “አስራ…” ብሎ አቆመ። ሰዎች መሬት መሬት አዩ። አንዲት ሴት አጠገቧ ያለውን ብርጭቆ ያለ ምክንያት አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። ነፋሱ የምንጣፉን ጫፍ እያነሳ ይጥላል።

“አስራ አምስት መቶ” አለ ሰብሳቢው በመጨረሻ።

“በቃ፣ ተሸጠ!” አለች ቶሎ ቶሎ ቸኩላ።

“አይ ጋሼ፣ ፈርተው አንድ መቶ ተበሉ” ብሎ ሾፌሩ ሳቀ። ማንም አላገዘውም።

ልብስ ሰፊዋ ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻለችም። ብርጭቆዎቹን ሳፋ ውስጥ ሰብስባ ልታጥባቸው ወደ ውሃው ወረደች። ልጅቷ ተከተለቻት። ከጎኗ ቁጢጥ ብላ እጅጌዋን ሰበሰበችና ማለቅለቅ ጀመረች።

“እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት?”

“ምን፣ ልጄ?”

“ድምፅዋን ያሰሙኝ።”

ብርጭቆው ከልብስ ሰፊዋ እጅ አምልጦ ውሃው ውስጥ ሰጠመ። ልጅቷ እጇን ሰድዳ አወጣችው።

“እማዬ ነግራኛለች። ከጉዞ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ የምታወራልኝ እሱን ነበር። ‘ዛሬም አታለልናቸው! የኔው ድምፅ መስሎኝ እኔ ራሴ ደነገጥኩ!’ እያለች።”

“ታውቂያለሽ ማለት ነው?”

“ዓመቱን ሙሉ።”

“እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው” አለች ልብስ ሰፊዋ። ቃሉን ጮክ ብላ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

“ሱቅዎ ድረስ ሁለቴ መጥቻለሁ” አለች ልጅቷ። “ልጮህብዎት፣ ላዋርድዎት። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ሲሰፉ አየሁዎት። ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል፤ የሚያነጋግርዎት ሰው ግን የለም። አንጀቴ እያረረ ተመለስኩ።” ያወጣችውን ብርጭቆ ሳፋው ውስጥ ከተተችው። “ሆስፒታል እያለች ‘ማነው የመለሰልሽ?’ ብዬ ጠይቄያት ነበር። ሳል እስኪያፍናት ሳቀች። ‘ከተማሪዎቼ አንዷ ናት’ አለችኝ። ‘እንዳትናገሪባት’ አለችኝ።”

ልብስ ሰፊዋ በእርጥብ እጇ ፊቷን ሸፈነች።

“ስለዚህ አልተናገርኩም። ወደፊትም አልናገርም። የሁለታችን ሆኖ ይቅር። ብቻ የእማዬን ድምፅ የያዝኩበት ነገር የለኝም፤ ስልኬ ከነመልእክቷ ተሰርቆብኛል። እየጠፋብኝ ነው፣ እትዬ። አንዴ ‘አለሁ’ ይበሉኝ።”

ድምፁ ዝግጁ ሆኖ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ጉሮሮዋ ውስጥ ቀጭን ሆኖ ሲቆም ተሰማት። በአካባቢው ሰው የለም። አንድ ቃል ብትተነፍስ ልጅቷ ትጽናናለች፤ ነገሩም እዚሁ፣ ግድቡ ዳር፣ በሁለት ሴቶች መካከል ያበቃል። ይቅርታውም እጇ ላይ ተቀምጧል።

ቀና አለች። ፀጉር አስተካካዩ ከሰው ተለይቶ፣ አውቶቡሱ ጥላ ሥር ቆሞ ዳቦ ይገምጣል። ቶሎ ቶሎ ከራቅ ብላ ለአናጢውና ለሚስቱ በጣቷ እያመለከተች ታሳያቸዋለች። በመሃል ማኘኩን አቆመ። አንድ ሰው የጠራው ይመስል ጆሮውን ወደ ባዶው መስኮት አዘነበለ፤ ቆየ፤ ከዚያ ዳቦውን ወደ ኪሱ ከተተው።

“አሰማሻለሁ፣ ልጄ” አለች ልብስ ሰፊዋ በራሷ ድምፅ። “መጀመሪያ ግን እሱ ይወቅ።”

ልጅቷ ወዴት እንደምታይ ተመለከተች። “እትዬ፣ ለእሱ ከነገሩት ለሁሉም ነው የሚዳረሰው። ቶሎ ቶሎን ያውቋታል። ሰፈሩ ውስጥ መግቢያ ያጣሉ።”

“አውቃታለሁ።”

“ደግሞ እሱ ይቅር ላይልዎት ይችላል።”

“ላይለኝ ይችላል።”

ተነሳች። እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ዳገቱ አጭር ቢሆንም ሁለት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች። ፀጉር አስተካካዩ ሲያያት ከአውቶቡሱ ጥላ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

“ምነው እትዬ? የምንሸከመው ዕቃ አለ?”

“የለም። ላንተ ነው የመጣሁት።”

በዚያ በኩል ቶሎ ቶሎ ወሬዋን አቋርጣ ወደ እነሱ ዞራ ነበር። አናጢውም ዞሯል። ልብስ ሰፊዋ አየቻቸው። እጁን ይዛ ወደ ውሃው ልትወስደው፣ በሹክሹክታ ልትነግረው ትችል ነበር። እዚያው ቆመች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አላደረገችም።

“ጆሮህ ደህና ነው” አለችው። “ያን ቀን የመለስኩልህ እኔ ነኝ።”