የአፈር እርሾ

ሰፈሩ ሁሉ «ጭንቄ» እያለ ይጠራኛል። ዝናብ ሲዘገይ ድርቅ፣ ሲመጣ ጎርፍ፣ ስልክ ሲጮኽ መርዶ ይመስለኛል። ባለቤቴ እንዲያውም «እሷ ገነት ብትገባ ጣሪያው ያፈስ ይሆን ብላ ቀና ትላለች» እያለ ሰው ያስቅብኛል። ይሳቁ። የምፈራው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ስለማይደርስ ቢስቁም አልፈርድባቸውም።

ያን ጊዜ ግን የምፈራበት ምክንያት ነበረኝ። ትልቁ ልጄ ከተማ ከገባ ወዲህ ድምፁን የምሰማው ሲያመው ብቻ ነው። ለታናሹ ደግሞ አጎቱ እዚያው ከተማ ጋራዥ ውስጥ ሥራ አግኝቶለት፣ ልጁ ልብሱን በሻንጣ አድርጎ አልጋው ሥር አስቀምጧል። ያቆየው የአባቱ ቃል ነው። «ከቤት ጀርባ ያለው መሬት አልተነካም፤ እዚያ እንትከልና እንየው። እምቢ ካለን ሂድ፣ አልይዝህም» አለው። ልጁም እሺ አለ።

የምንተክለው የደረት ሥር ነው፤ ለሳል መድኃኒት ይሆናል። ቅጠሉ እዚህ ግባ አይባልም፣ ሀብቱ ሁሉ ከመሬት በታች ነው። በሦስተኛው ዓመት ይቆፈራል፣ ይታጠባል፣ ተከትፎ ጥላ ላይ ይደርቅና የመድኃኒት ፋብሪካ ይረከበናል። አማቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የታችኛው ማሳ ላይ ተከሉት፤ እሳቸው ሲያልፉ ባለቤቴ ቀጠለ። ያ መሬት ሌላ ዘር አይቶ አያውቅም፣ አርፎም አያውቅም።

አማቴ ያወረሱን አንድ አሠራር ነበር። አዲስ መደብ ሲሠራ፣ ጥሩ ሥር ከሰጠው አሮጌ መደብ አንድ ቅርጫት አፈር ይታፈስና ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል። እርሾ ይሉታል። ያለ እርሾ የተተከለ ቀጭን ሆኖ ይቀራል ይባል ነበር፤ እውነትም ድሮ እንደዚያው ነበር።

ኋላ ግን የታችኛው ማሳ ከዳን። ችግኙ በመጀመሪያው ዓመት ደህና ይመስላል። በሁለተኛው ቅጠሉ ከታች ጀምሮ ቢጫ ይሆናል፤ ስትነቅለው ሥሩ ቡናማና ልስልስ ነው፣ እርጥብ ጨርቅ ተረስቶ የከረመበት ባልዲ ይሸታል። ማዳበሪያ ጨመርን፣ ውሃ ቀነስን። ባለቤቴ መጀመሪያ ችግኝ ሻጩን ረገመ፣ ቀጥሎ ሰማዩን።

በመጨረሻ ልጄ ለምኖ የአፈር ባለሙያ አመጣ። ቀጭን፣ ረጋ ብላ የምትናገር፣ የምትጠጣውን ውሃ በኮዳ ይዛ የምትዞር ሴት ልጅ ናት። ከማሳው መሐልና ከዳር ዳሩ አፈር በከረጢት ወሰደች፤ ውጤቱን ይዛ ስትመለስ ጓሮ ተቀምጠን ሰማናት። አፈር ውስጥ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን እንዳሉ ነገረችን፤ ከፊሎቹ ሥሩን ይጠብቁታል፣ ከፊሎቹ ያበሰብሱታል። አንድ ዓይነት ሥር አንድ ቦታ ላይ ሲደጋገም፣ ከሥሩ የሚወጣው ነገር ለአበስባሾቹ ድግስ ይሆናል። እነሱ ይበዛሉ፣ ጠባቂዎቹ ይመናመናሉ።

«አፈሩ ታሟል ነው የምትይኝ?» አላት ባለቤቴ።

«እንደዚያ ማለት ይቻላል፣ አባባ።»

«ሰው ታሞ ሲሞት አፈር ይገባል። አፈር ሲታመም የት ይገባል?»

እሷም ልጄም ሳቁ። እኔ ሳቄ አልመጣም። የታችኛው ማሳ ለብዙ ዓመት ሌላ እህል እንዲዘራበት መከረችን፤ ከቤት ጀርባ ያለው የላይኛው መሬት ላይ ከተከላችሁ ደግሞ የታችኛው አፈር በጫማም በዶማም እንዳይሄድ አለችን። ባለቤቴ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጣት።

እኔ ቃሏን እንደ ሐኪም ትእዛዝ ያዝኩት። የጓሮው በር ላይ በረኪና የተጨመረበት ውሃ በሳፋ፣ ከጎኑ ሻካራ ብሩሽ አስቀመጥኩ። ጫማውን ሳያጥብ የሚያልፍ የለም። ዶሮዎቹን እንኳ አጠርኩባቸው። ጎረቤታችን ነገረኛው በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ «ጭንቄ፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ከፈትሽ እንዴ? እስቲ ሐሞቴን አውጪልኝ» አለኝ።

«እሱ ከወጣ ከአንተ ምን ይቀራል?» አልኩት።

ተከልን። ችግኙ ያዘ፣ ከዓይን ያውጣው የሚባል ሆነ። ልጄ በየማለዳው እየዞረ ያየዋል። አንድ ቀን ሻንጣውን ከፍቶ ሹራቡን አወጣ፤ ከዚያ ሌላውም ልብስ እየተመለሰ ቁምሳጥን ገባ። አልጋው ሥር ስጠርግ ሻንጣው እየቀለለ ሲመጣ ደስታዬን ለማንም አልተነፈስኩም፤ ከተናገርኩት የሚሰማ ክፉ ነገር ያለ ይመስለኛል። ይልቅ በረዶውን ፈራሁ፣ አይጡን ፈራሁ፣ የጎረቤት ፍየል ፈራሁ፣ ፋብሪካው ቢዘጋስ ብዬ ፈራሁ።

በሁለተኛው ዓመት ዝናቡ ሲያባራ አረም ስነቅል አንድ ቅጠል አየሁ። ከታች ጀምሮ ቢጫ ነው። ፀሐይ ይሆናል አልኩና ከጎኑ ያለውን አየሁ። እሱም ያው። ተነስቼ ከመደብ መደብ ሄድኩ፤ የእያንዳንዱ መደብ ራስጌ ላይ፣ ሰው ሆን ብሎ ያሰመረው ይመስል፣ ቢጫ። ልጄን ልጥራው አልጥራው እያልኩ ሳመነታ ለካ ከኋላዬ ቆሟል። ጎንበስ ብሎ አንዱን ነቀለ። ሥሩን ከማየቴ በፊት ሽታው ደረሰኝ።

ባለሙያዋ ተመልሳ መጣች። የታመሙት ሁሉ ራስጌ ላይ መሆናቸውን አይታ ከሌላ ቦታ አፈር ገብቶ እንደሆነ ጠየቀች። ሳፋዬን አሳየኋት። እዚህ ቤት ማንም ሰው እግሩን ሳያጥብ እንደማይገባ ሳስረዳት ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እርሾ አግብቼበታለሁ፤ በየመደቡ ራስጌ» አለ።

ሁላችንም ዞረን አየነው።

«ከበሽተኛው አይደለም። ከታችኛው ማሳ ደህናው ጥግ ነው፣ ከግንቡ ሥር፣ አባቴ ይወደው ከነበረው። አንቺው አይደለሽ አፈር ሕይወት አለው ያልሽው? ሕይወት ያለው ነገር ያለ እርሾ ይነሳል?»

ቅርጫቱን ግን አጥቦት ነበር። በእኔው ሳፋ። ጫማውን አጥቦ፣ የቅርጫቱን ቂጥ በብሩሽ ፈትጎ፣ አፈሩን ይዞ ገብቷል።

ባለሙያዋ ከራስጌው አፈር ቆንጥራ በጣቷ ፈተገችው። «በአባትዎ ጊዜ ልክ ሳይሆን አይቀርም» አለችው። «ያኔ በቅርጫቱ የሚሻገሩት ጠባቂዎቹ ነበሩ። ጥጉም ደህና የመሰለው ተራው ስላልደረሰ ነው።»

የቀረው ይተርፍ እንደሆነ ልጄ ጠየቃት። እሷ ወደ መደቡ ራስጌ፣ ቀጥሎም ወደ ግርጌው አየች። «ውሃው በዚህ ነው የሚወርደው፤ በሽታውንም ይዞት ይወርዳል» አለች።

ከሰማይም ከምድርም የሚመጣውን ሁሉ ፈርቻለሁ። አባት ልጁን ለማስቀረት የሚያውቀውን ሁሉ ያደርጋል ብዬ ግን አልፈራሁም።

ልጄ «አባዬ፣ ለደግ ብለህ ነው» አለው። ቢጮኽበት ይሻል ነበር። በማግስቱ ወጥ ቤት ሆኜ የቁምሳጥኑን በር ሰማሁ፣ ቀጥሎ የሻንጣውን ዚፕ።

በሄደበት ጠዋት ባለቤቴ የታመመውን እየነቀለ ለማቃጠል ይከምር ነበር። ልጁ መደቡ መሐል ገብቶ ተሰናበተው። እጁ በጭቃ ስለተለወሰ ባለቤቴ በክንዱ ነው ያቀፈው። ልጄ ሲወጣ ሳፋው ጋ ቆመና ለምዶበት እግሩን አነሳ።

«ተወው፣ ልጄ» አልኩት።

«ጭቃ ነው እኮ፣ እማዬ።»

«ይሁን። ምን ልንጠብቅበት ነው?»

በጭቃ ጫማው ሄደ። አውቶቡስ ውስጥ መሐል እንዲቀመጥ፣ በር አጠገብ እንዳይሆን፣ ሲደርስ እንዲደውል ነገርኩት። እሺ አለ። ወንድሙም እሺ ብሎ ነበር።

ተመልሼ ሳፋውን አነሳሁ። እድፉን እስካሁን የምደፋው የታችኛው ማሳ ላይ ነበር፤ የሞተ መሬት ነው፣ ምን ይሆናል ብዬ። አሁን ላዩም ታቹም አንድ ሆኗል። የት ብደፋው ልዩነት እንዳለው እያሰብኩ፣ ውሃው እየከበደኝ፣ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።