ያለጊዜው የተቆረሰ ዳቦ

አፕሪኮቱ ሲያብብ ቤቱ የሚቀር ሰው በዚያ ሸለቆ የለም። አልጋ የያዘው እንኳ በአህያ ተጭኖ ይወጣል። አበባው ዕድሜው አጭር ነው፤ ከተራራው አንድ ክፉ ነፋስ ከወረደ አለቀለት። ስለዚህ ሰዉ ጠዋት ተጠራርቶ ምንጣፉን፣ ብረት ድስቱን፣ ካሮቱንና ልጁን ይዞ ወደ ላይኛው እርሻ ይተማል። እዚያ ይበላል፣ ይጨፈራል፣ ይታማል። ጭፈራው የሚቀርበት ዓመት ሊኖር ይችላል፤ ሐሜቱ ግን ቀርቶ አያውቅም።

ኖርማትም ሚስቱን ሳቭሪኒሶንና ልጁን ሳዳፍን አስከትሎ፣ አንድ ከረጢት ሽንኩርት ተሸክሞ ወጣ። ድልድዩ አጠገብ ዓይኗ የጠፋው አሮጊት ቢቢ ኦፍቶብ እንደ ወትሮዋ ግንቡን ተደግፋ ፀሐይ ትሞቃለች። ኮቴ በሰማች ቁጥር "የማን ነህ? የማን ነሽ?" ሳትል የምታሳልፈው ፍጡር የለም።

"የማን ነሽ አንቺ?"

"የኖርማት ልጅ ነኝ፣ ቢቢ" አለች ሳዳፍ።

"የቱ ኖርማት? ኖርማት እንደሁ እንደ ወንዝ ድንጋይ ሞልቷል።"

"ውሃ አካፋዩ ኖርማት።"

"እሰይ! የሱ ነሽ? እለፊ የኔ ልጅ፣ እለፊ። አባትሽ ይባረክ፣ መበለት ናት ብሎ አንድ ቀን ተራዬን አዛብቶብኝ አያውቅም።"

ኖርማት ያልሰማ መስሎ አለፈ እንጂ ልቡ ቅቤ ጠጥቷል። በዚያ አገር ስም የሚያወጣ አባት ቢሆንም፣ ሰው የሚጠራበትን የሚሰጠው መንደሩ ነው፤ አንዴ የተሰጠ ደግሞ እስከ ልጅ ልጅ ይወረሳል። የራጃብ አያት አንድ ጊዜ በጨለማ ከገዛ አህያው ሸሽቶ ዛፍ ላይ አደረ። ይኸው ዛሬ ራጃብ፣ ተኩላ በዱላ የገደለው ራጃብ፣ "የፈሪው" እንደተባለ አለ። ኖርማት ግን የቦዩን ውሃ ለየእርሻው ሲያከፋፍል ወንድሙን ከባዳ አይለይም፤ እሱ ከያዘው ወዲህ ሰው በውሃ ምክንያት በአካፋ መፈናከቱን ትቷል። ስሙን ያገኘው እንዲህ ነው። ከአባቱ በወረሰው መሬት ያልኮራውን ያህል በዚህ ስም ይኮራል።

ሳዳፍ ኹጃንድ ከተማ ለአዋላጅነት ትማራለች፤ አንድ ዓመት ይቀራታል። ባለፈው መከር አውቶቡስ ስትሳፈር አባቷን ወደ ጎን ጎትታ፣ "አባዬ፣ እኔ ሳልጠየቅ ዳቦ እንዳይቆርሱብኝ" ብላው ነበር። ነገሩ ቀላል አይደለም። የወንዱ ወገን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ዳቦ ያቀርባል፤ የልጅቷ አባት ከቆረሰው ታጨች ማለት ነው። ቁራሹ ለየቤቱ ይላካል፣ የቀመሰ ሁሉ ምስክር ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ መመለስ ብሎ ነገር የለም። ኖርማትም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ብቆርስ ያው ዳቦ ይነቀኝ" ብሎ ማለላት።

ችግሩ፣ ኖርማት ውሃ ላይ ቆፍጣና ይሁን እንጂ ይሉኝታ ሲመጣ እንደ ሰም ይቀልጣል። ጎረቤቱ ኦይሙሎ ሳዳፍን ለልጇ ለሲዮቩሽ ፈልጋ ክረምቱን ሙሉ ሴት ሽማግሌ ስትልክበት፣ "እስቲ አበባው ይምጣ" እያለ ሸኘ። ሲዮቩሽ ሩሲያ ነው፣ ሕንፃ ይሠራል፤ ሳዳፍ በልጅነቷ ካየችው ወዲህ አላየችውም። ቁርጡን እንዳይናገር ያሰሩት የኦይሙሎ አማት ቦቦ ሂክማት ናቸው። ኖርማት አባቱ የሞተበት ዓመት ማሳውን አርሰው የዘሩለት፣ በሠርጉ ቀንም በአባቱ ቦታ የቆሙለት እኚህ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸውን እምቢ የሚል ምላስ ከየት ይምጣ?

አበባውም መጣ።

በሌላው ቀን ድስት የሴት ነው፤ በሽርሽር ቀን ግን ኦሹን፣ ሩዙን ከካሮትና ከሥጋ ጋር፣ የሚያበስሉት ወንዶች ናቸው። ኖርማት ከጠዋት ጀምሮ እህል ሳይቀምስ ጭሱ ላይ ተደፍቶ ሽንኩርት ይከትፋል። ዓይኑ አብጦ፣ እንባው ጺሙ ላይ ይንጠባጠባል።

"ምነው አካ ኖርማት" አለው ካሮት የሚከትፈው ራጃብ እንደ ታላቅ ወንድም ጠርቶት፣ "ልጁን የዳረ አባት መሰልክ እኮ!"

"ካሮትህን ክተፍ፣ የፈሪው።"

"እኔማ ልክተፍ። ግን አንተ እንዲህ እያለቀስክ ጨው አትጨምርበት፣ ይበቃዋል።"

ድስቱ ተከደነ። ከዛፎቹ ሥር የየቤቱ የማዕድ ጨርቅ ጫፍና ጫፉ ተገጣጥሞ አንድ ረጅም ማዕድ ሆኗል፤ ሰዉ ግራና ቀኝ ተደርድሮ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ምግብ አብሳዩን ነው። በሽርሽር ቀን አብሳዩ ዳቦ ሳይቆርስ ማንም እጁን አይዘረጋም። ኖርማት ይህን ስለሚያውቅ ፊቱን እንኳ ሳይታጠብ፣ በእጅጌው ዓይኑን እየጠረገ መጥቶ ቦታው ላይ ዘፍ አለ። ከፊቱ አንድ ነጭ ነገር አለ። በላዩ ዳቦ አለ፣ ገና ትኩስ፣ ሰሊጡ ይሸታል። ሌላ ያየው የለም።

"ቢስሚሎ" አለና ብድግ አድርጎ ለሁለት ገመሰው።

ኖርማት አንዱን ግማሽ ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ ሊያሳልፍ እጁን እንደዘረጋ፣ ከሴቶቹ በኩል ከበሮ ፈነዳ። ከረሜላ እንደ በረዶ ራሱ ላይ ወረደበት። "እንኳን ደስ ያላችሁ! እንኳን ደስ ያላችሁ!" ዛፉ ሁሉ በጩኸት ተናወጠ።

እሱም ዓይኑን እያሸ ከሰዉ ጋር ሳቀ። "እሰይ፣ እሰይ! ማን ታጨ?"

"አንተው ቆርሰህ አንተው ትጠይቃለህ?" አለው ራጃብ፣ ጀርባውን በጥፊ እየጠበጠበ። "ልጅህ ናታ!"

ኖርማት ጎንበስ ብሎ አየ። ነጩ ነገር የማዕድ ጨርቅ አይደለም። ዙሪያው በቀይ ክር የተጠለፈ፣ የእጮኛ ዳቦ የሚጠቀለልበት ጨርቅ ነው። ክው ብሎ፣ ሁለቱን ግማሾች እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

ኦይሙሎ አላጠመደችውም። ዳቦውን እዚያ ያኖረችው ቦቦ ሂክማት ከቦዩ ታጥበው እስኪመለሱ፣ እሳቸው ለመጨረሻ ጊዜ በሰው ፊት እንዲጠይቁላት ነበር። ራሷም ደንግጣለች። ድንጋጤዋ ግን የደስታ ነው፤ እያለቀሰች ሁለቱንም ግማሾች ከእጁ ወስዳ፣ "አካ ኖርማት! ሳልጠይቅህ! አበባው ይምጣ ያልከው ለካ ለዚህ ነው!" እያለች ጨርቁ ላይ መቆራረስ ያዘች።

ኖርማት ልጁን ፈለገ። ሳዳፍ የሻይ ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ከአንዱ ግንድ አጠገብ ቆማለች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። የምታየው እሱን ነው፤ አይታው እንደማታውቅ ሰው። ማንቆርቆሪያው ተንጋዶ ሻዩ ጫማዋ ላይ ሲፈስስ እንኳ አልታወቃትም።

"አባዬ?" አለች።

ኖርማት ቢሰድቡት፣ ድንጋይ ቢወረውሩበት በወደደ።

"የሳዳፍ አባት፣ ምን አደረጉ?" አለች ሳቭሪኒሶ በጆሮው፤ ጥፍሯ ክንዱ ውስጥ ገብቷል።

"ዓይኔ... ሽንኩርቱ..."

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእጅ ወለምታስ በምን ይታሻል? አልቆርስም ብሎ ቢጮህ ዳቦው ተቆርሷል። ልጄን አልሰጥም ቢል፣ ከቆረሱ በኋላ እምቢ ማለት ያንን ቤት በአደባባይ መስደብ ነው፤ ቦቦ ሂክማትን በጥፊ መምታት ነው። እሳቸውም እጃቸው ውሃ እንዳዘለ ከቦዩ መጡ፤ ነገሩን ሲሰሙ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ምራታቸው አንድ ቁራሽ ሰጠቻቸው። ጥርስ ስለሌላቸው ሻይ ስኒያቸው ውስጥ ነክረው፣ እስኪርስ በጣታቸው ይጫኑት ጀመር።

ኖርማት ስኒውን ሲያይ አንድ ነገር ገባው። እስካሁን የቀመሰ የለም፤ ምስክርም የለም።

እንዴት እንደተነሳ ራሱም አያውቅም። ማዕዱን ተረማምዶ፣ ከኦይሙሎ ፊት ቁራሹን ከነጨርቁ ነጠቀና ሁለት ሦስቱን ባንዴ አፉ ውስጥ ጠቀጠቀ።

ከበሮው ቆመ።

"አካ ኖርማት!" አለች ኦይሙሎ፣ እጇ ባዶ አየር ላይ ቀርቶ።

"ርቦኝ ነው" አለ ኖርማት አፉ ሞልቶ። "ርቦኝ ነው የቆረስኩት! ከጠዋት አልበላሁም። የምን ዳቦ እንደሆነ አላየሁም፣ ሆዴን ብቻ ነው ያየሁት!"

እዚያ ማዕድ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ደነገጠ። ዳቦ አይጣልም፣ ተገልብጦ አይቀመጥም፣ መሬት ከወደቀ ተስሞ ይነሳል። የእጮኛን ዳቦ እንደ ተኩላ ነጥቆ የሚሰለቅጥ ትልቅ ሰው ግን አባቶቻቸውም አላዩ። እናቶች የልጆቻቸውን ዓይን ሸፈኑ። አንዷ "አብዷል!" አለች። ራጃብ፣ አፉ ሥራ ፈትቶ የማያውቀው ራጃብ፣ የሚለው አጣ።

ዳቦው ትልቅ ነበር፣ እንደ ወንፊት የሰፋ፣ በጮማ የተለወሰ። ኖርማት ቆሞ በላ። ቁራሹን በቁራሽ ላይ እየደረበ፣ እየተናነቀው፣ ዓይኑ እየተጎለጎለ በላ። ሳቭሪኒሶ ልታግዘው እጇን ስትዘረጋ እጇን መታው፤ ያኔ ነው የገባት። ከሱ ሌላ በአንድ ሰው አፍ አንዲት ፍርፋሪ ብትገባ ያ ሰው ምስክር ሆነ፣ ሳዳፍም ሄደች። ብቻውን መጨረስ አለበት። አንድ ጊዜ ፊቱ ጠቁሮ ትን አለው፤ "ያው ዳቦ ይነቀኝ" ያለው መሐላ በእውነት ጉሮሮው ላይ መጣ። ሳዳፍ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ሮጠች። የቀረውን ሻይ አፉ ውስጥ አንቆረቆረችለት። ጠብታ አላፈሰሰችም።

ፍርፋሪውን ከጨርቁ ላይ በጣቱ ለቅሞ ላሰ። ከዚያ ቦቦ ሂክማት ፊት ሄዶ ተንበረከከ።

ሽማግሌው ስኒውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ቁራሹ ርሶ አብጧል፤ አፋቸው ዘንድ ሊያደርሱት አንድ ስንዝር ቢቀራቸው ነው። ቁልቁል አዩት። ከንፈሩ ላይ ሰሊጥ ተለጥፏል፣ ጺሙ ላብ ያንጠባጥባል። የቆሙለትን ሙሽራ፣ የዘሩለትን ማሳ ያስታወሱ እንደሆነ ማን ያውቃል? ኖርማት እጁን ዘረጋ፤ እጁ እንደ ለማኝ እጅ ነበር።

"አሁንም ይርብሃል?" አሉት በቀስታ።

"አዎ፣ ቦቦ።"

ቀና ብለው ከኋላው የቆመችውን ሳዳፍን አዩ። ብዙ ጊዜ አዩአት። ከዚያ ስኒውን መዳፉ ላይ አስቀመጡለት። "ብላ እንግዲህ" አሉ፤ ወደ ሰዉም ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ራብተኛ ነው! ሰውዬው ርቦት ነው እንጂ እኛን ንቆ አይደለም። ጨርቅሽን እጠፊው ኦይሙሎ፣ የራበው ሰው ፊት ዳቦ አይቀመጥም።"

ኖርማት ከነሻዩ ጨለጠው። ቦቦ ሂክማት ግን ኦሹን ሳይቀምሱ በትራቸውን ይዘው ወረዱ። ለኖርማት ከዳቦው ሁሉ የከበደው ያ ሆነ።

ከዚያ ሳቁ መጣ። መጀመሪያ ከልጆቹ፣ ቀጥሎ ከሴቶቹ፣ በመጨረሻ ማዕዱ ሁሉ። "ኖርማት ራብተኛው! ድስቱን ሸሽጉ፣ ራብተኛው መጣ!" ራጃብ ምላሱ ተመለሰለት፤ የአያቱን ዕዳ የሚካፈለው ሰው አግኝቶ፣ "እንግዲህ የኔ ልጆች የፈሪው፣ ያንተዎቹ የራብተኛው። ተመጣጠንን!" አለ። ውሃ አካፋዩ የሚለውን ስም ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ማንም ሲጠራው አልተሰማም።

አመሻሽ ላይ ሲወርዱ ኖርማት ሆዱን ይዞ ከፊት ይሄዳል። ሳዳፍ ከኋላው ናት፤ ሻይ ካጠጣችው ወዲህ ቃል አልተነፈሰችም። ምን ብላ ትናገረው? በመንደሩ ሁሉ ፊት እንደ ውሻ ተስገብግቦ አሳፍሯታል፤ አዋላጅ ሆና ስትመለስ በየቤቱ የሚጠብቃት ይኼው ስም ነው። እፍረቱ ጀርባውን አጎበጠው። ዞሮ ሊያያት አልደፈረም።

ድልድዩ ጋ ቢቢ ኦፍቶብ ኮቴ ሰማች። "የማን ነሽ?"

"የኖርማት ልጅ" አለች ሳዳፍ።

"የቱ ኖርማት?"

ከኋላቸው መንደሩ ሁሉ ይመጣል፤ አንዳንዱ ገና ይስቃል። ኖርማት እሷን ሊያተርፋት ብሎ፣ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ። ሳዳፍ ቀደመችው፤ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብላ፦

"የራብተኛው ኖርማት!"

አሮጊቷ ጥቂት አሰበች። "እሱን ደግሞ አላውቀውም" አለች።

"እኔ አውቀዋለሁ፣ ቢቢ" አለች ሳዳፍና የአባቷን ክንድ ይዛ ድልድዩን አሻገረችው።