የሚያብለጨልጨው ደረጃ

የልብስ ሰፊዋ እጅ መርፌ እንጂ መዶሻ አያውቅም። ዛሬ ግን ከጎረቤት በተዋሰችው መዶሻ የእናቷን ደረጃ ሴራሚክ ከላይ ጀምራ እየሰባበረች ነው። እናቷ ከሆስፒታል ወጥታ ከሰዓት በኋላ በሁለት ክራንች ልትገባ ነው፤ ወደ ቤት ከሚያስወጡት አምስት ደረጃዎች ገና ያልተነኩት ደግሞ አሁንም እንደ መስታወት ያብለጨልጫሉ።

ሴራሚኩን ያስነጠፈው ታናሽ ወንድሟ ነው። የሴራሚክ ነጋዴ አይደል፣ «የእናቴ ደረጃ ሲሚንቶ ሆኖ አይቀርም» ብሎ ከሱቁ ምርጥ ምርጡን አመጣ። ያኔውኑ ነግራዋለች። ይኼ የሳሎን ነው፣ ውሃ ሲነካው እንደ ሳሙና ነው፤ የጣሪያው አሸንዳም የሚያፈሰው እዚሁ ላይ ነው፤ ቢያንስ እሱን ወደ ቦዩ አዙረው፣ መደገፊያ ብረትም ትከልላት ብላዋለች። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ብረት ውበቱን ያበላሸዋል አላት። ውበት አሉ ደግሞ! እንግዳ በመጣ ቁጥር ደረጃውን ሲያስጎበኝ ከረመ፤ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለ ዕለት እናታቸው ተንሸራታ ዳሌዋ ተሰበረ።

ሦስተኛውን ደረጃ እየፈነቀለች ሳለ ወንድሟ ከተፍ አለ።

«ምን እያደረግሽ ነው? አብደሻል እንዴ?»

«አዎ፣ አብጃለሁ። ጤነኛው አንተ የሠራኸውን አይቼ።»

«እማዬ ራሷ የወደቅኩት አዙሮኝ ነው ብላለች። ለሐኪሙም ያለችው እሱኑ ነው።»

ደሟ ፈላ። ወር ሙሉ በዚህች ቃል ተሸሽጎ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የከረመው። መዶሻውን እንዳትወረውርበት ደረጃውን መምታቷን ቀጠለች።

አክስታቸው እናታቸውን በታክሲ ይዛ ስትመጣ ከታች ሁለት ደረጃ ቀርቶ ነበር። የጠዋቱ ዝናብ ውሃ ከአሸንዳው ገና ይንጠባጠብበታል። ወንድሟ ሮጦ የእናቱን ክንድ ያዘ።

«ነይ እማዬ፣ ቀስ ብለሽ። እኔ አለሁልሽ።»

እናታቸው ደረጃው ሥር ደረሰች። አንዱን ክራንች አነሳችና መልሳ አወረደችው። ግንባሯን ላብ አቸፈቸፈው።

«በጓሮ በኩል ልግባ» አለች።

«ጓሮው ጭቃ ነው እኮ።»

«ጭቃው ይሻለኛል፣ ልጄ። ጭቃ ይይዘኛል።»

ወንድሟ ደንግጦ አያት። «አዙሮኝ ነው ብለሽኝ አልነበር?»

«ታዲያ ምን ልበልህ፤ እንደዚያ ደስ ብሎህ ለሰው ሁሉ እያሳየህ» አለችና ክራንቿን ወደ ጓሮ አዞረች።

ልብስ ሰፊዋ መዶሻውን ከወንድሟ እግር ሥር ጣለችለትና እናቷን ልትደግፍ ሄደች። ጭቃው መሐል ሳሉ ከቤቱ ፊት ለፊት ሴራሚክ ሲሰበር ተሰማቸው። እናቷ ቆም ብላ አዳመጠች፤ ልብስ ሰፊዋ ግን ገና አልበረደላትም ነበርና ዞራ አላየችም።