የላም አዳቃዩ ታካሚዎች

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። የመንደራችን የዋራምቢ ወንዶች ግን አይደብቁም። ጆሯቸው ላይ፣ አንገታቸው ላይ፣ ክንዳቸው ላይ የወጣውን ሁሉ ገልጠው ያሳያሉ። ጥፋታቸው የሚያሳዩት ለሜርቭ መሆኑ ነው።

ሜርቭ ላም አዳቃይ ነው። የኮርማ ዘር የሚያቆይበት እንስራ የሚመስል ብረት አለው፤ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ናይትሮጅን የነካውን ሁሉ በቅዝቃዜ ያቃጥላል። ሐኪሞችም ቆዳ ላይ የሚወጣውን ነገር በዚሁ እንደሚያቃጥሉ ከሰማ ወዲህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የከብት ገበያው ሲበተን መጋዘኑ ውስጥ በርጩማ ያወጣል። ወንዶቹ ይሰለፋሉ። እሱ ጥጥ የተጠቀለለበትን እንጨት ይነክርና ይለጥፍባቸዋል። ፊቱን ያጨማደደ ሰው እስከሚቀጥለው ቅዳሜ መሳቂያ ነው። ዋጋው አንድ ካርቶን ቢራ ሲሆን እሱንም አብረው ይጠጡታል።

ባሌ ዴስ የዚህ ማኅበር ቀንደኛ አባል ነበር። ትከሻው ላይ ጠርዙ የተሸራረፈ ጥቁር ነጥብ ወጣበትና ሜርቭ አቃጠለለት። ቅርፊቱ ሲወድቅ ዴስ ድኛለሁ ብሎ አወጀ። ነጥቡ ተመልሶ ወጣ፤ ሜርቭም ደገመለት። በዚያው ሰሞን ኮርማችን የዓይኑ ቆብ ላይ ምስር የምታክል ቁስል ወጣችበት። ዴስ ቁርሱን እንኳ ሳይጨርስ ኮርማውን መኪና ላይ ጫነና ሦስት ሰዓት ነድቶ ከተማ ገባ፤ የከብት ሐኪሙ ቁስሉን ቆርጦ ለምርመራ እስኪልክለትም ደጅ ሲጠብቅ ዋለ። ለምን ሜርቭ አያቃጥልለትም ብዬ ጠየቅሁት።

“ካንሰር ሊሆን ይችላል እኮ፣ ኖሊን። በዚህ አይቀለድም” አለኝ።

ሐኪም ጠፍቶ አይደለም። ዶክተር ሻንቲ ከስሪላንካ መጥታ ማክሰኞ ማክሰኞ እዚሁ ትንሿ ሆስፒታላችን ውስጥ ቆዳ ትመረምራለች። ወንዶቻችን ወደ መጠጥ ቤቱ ሲሄዱ በደጃፏ ነው የሚያልፉት። ግን ልብስ ታስወልቃለች፤ ደግሞም ልጅ ናት፤ ደግሞም የኛን ፀሐይ አታውቀውም አሉ። ይህን የሚሉት ከምድር ወገብ አጠገብ ስለመጣች ሴት ነው።

አንድ ጠዋት አንሶላው ላይ ደም አየሁ። ፈራሁ፤ ስፈራ ደግሞ ክፉ ነኝ። ማክሰኞ ካልሄድክ ዶክተሯን ቅዳሜ መጋዘኑ ድረስ አመጣታለሁ፣ በጓደኞችህ በእነ ኮሊን ፊት በሙታንታ ታስቆምሃለች አልኩት። ካንሰርን ያልፈራው ሰውዬ ይህን ሲሰማ ባርኔጣውን አነሳ።

ዶክተር ሻንቲ ባለ መብራት አጉሊ መነጽሯን ትከሻው ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ማን እንዳቃጠለው ጠየቀችው። ጓደኛዬ ነው አላት። ጓደኛዎ ምን ዓይነት ሐኪም ነው ስትለው ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

“ላም ያዳቅላል” አልኩ እኔ።

አልሳቀችም። እኛም እናቃጥላለን፣ ግን መጀመሪያ ምን እንደሆነ እናውቃለን አለችው። ላዩ ሲቃጠል ጠባሳው ይሸፍነዋል፤ ሥሩ ግን ከታች መንገዱን ይቀጥላል። ያን ዕለት ቁራጭ ወስዳ ለምርመራ ላከች። ውጤቱ ክፉው የካንሰር ዓይነት ሆነና ከተማ ወስደው ቀደዱት፤ ብብቱ ውስጥ ያለው ዕጢ ድረስ ደርሶ አገኙት። አሁን በየሦስት ሳምንቱ በክንዱ መድኃኒት ይንጠባጠብለታል። ይድን እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። ዶክተር ሻንቲ መጀመሪያ የወጣ ጊዜ ቢመጡ ኖሮ ብላ ጀመረችና ፊቴን አይታ ተወችው። የዚያን ቀን ከሜርቭ ይልቅ ባሌን ጠላሁት።

ስፌቱ ሲደርቅ፣ አንድ ቅዳሜ ዴስ መጋዘኑ መሄድ እንደሚፈልግ ነገረኝ። ሊነግራቸው መስሎኝ እኔው ነዳሁለት። ወንዶቹ ቦታ ለቀቁለት፣ ቢራ አቀበሉት። ኮሊን እጅጌውን ጠቅልሎ በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ሜርቭ እንጨቱን እንደያዘ፣ ዶክተሯ ምን አለች ብሎ ጠየቀ።

“አብዛኛውን አንተው ጨርሰኸዋል ነው ያለችው” አለ ባሌ። “እሷ የቀረችውን ብቻ ነው ያነሳችው።”

ሜርቭ በረጅሙ ተነፈሰ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። የሚታመመው እሱ፣ ሌላውን የሚያባብለውም እሱ!

“ውሸቱን ነው፣ ሜርቭ” አልኩ። “ካንሰሩ ብብቱ ገብቷል። አንተ ላዩን ስታቃጥል እሱ ውስጥ ውስጡን ሲሄድ ነበር።”

ሜርቭ ዴስን አየው። ዴስ የቢራ ጣሳውን ያገላብጣል። ሜርቭ እንጨቱን አስቀመጠና ብረቱን ከደነ።

“እንዴ፣ የኔንስ?” አለ ኮሊን፣ ክንዱን እንደዘረጋ። “ወረፋ ጠብቄ እኮ ነው።”

ያኔ ዴስ ተነሳና ሸሚዙን በአንድ እጁ ፈታ፤ ሌላው እጁ ገና ወደ ላይ አይነሳለትም። ስፌቱ ከትከሻው ጀምሮ ብብቱ ድረስ ይወርዳል። ኮሊን ብዙ ካየ በኋላ እጅጌውን ቀስ ብሎ አወረደ።

“ዶክተሯ ማክሰኞ በስንት ሰዓት ነው የምትጀምረው?” አለ።

የጠየቀው እኔንም ዴስንም ሳይሆን ሜርቭን ነበር።