ሰው ያለበት ቤት

የመንገዱ ሰዎች እርሾ ይሉታል። ይሉት ነበር ማለት ይሻላል፤ አሁንማ የሚጠራው ሰው ከየት ይምጣ! ዳቦ ጋጋሪ ነው። ድሮ ገና ጎህ ሳይቀድ ሱቁ ደጃፍ ላይ አስተማሪዋ፣ ጡረተኛው፣ ሹፌሮቹ እየተጋፉ ትኩሱን ይሻሙት ነበር። በኋላ ሀብታም ስደተኞች መጡ። መጡ እንኳ አይባልም፣ ገንዘባቸው መጣ። መንግሥት «ቤት ገዝቶ የኖረ ዜጋዬ ነው» ብሎ ስላወጀ፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ገዙት። ጎረቤቱ ሁሉ ሸጦ ሄደ፤ የገዢዎቹን ዓይን ግን ያየ የለም።

«ምን አጎደሉብህ?» ይለዋል ቤቶቹን ያሻሻጠው ደላላ፣ ቁልፎቻቸውን እያንቀጫቀጨ። «ግብር ይከፍላሉ፣ አይሰርቁ፣ አይጮኹ። አገር ያቆሙት እኮ እነሱ ናቸው!»

«ዳቦ አይበሉማ! ዳቦ የማይበላ ምኑን ጎረቤት ሆነ?»

ደላላው ይስቃል። እርሾ ግን የምሩን ነው፤ ምድጃው በሳምንት አንዴ እንኳ መንደዱን እያቆመ ነበር።

የሕጉ ጣጣ «የኖረ» የምትለዋ ናት። ተቆጣጣሪ እየዞረ ያያል፤ ባዶ ቤት ካገኘ ዜግነቱም ቤቱም ይነጠቃል። ስለዚህ ደላላው የእርሾን ታናሽ እህት ቀጠራት። ወንድምና እህት ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍል አብረው ነው የሚኖሩት። እሷ ወግ ማዕረግ ሳታይ የቀረች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ለሚወለዱት ልጆቿ ስም ስታወጣ ኖራ አንድም ያልወለደች ሴት ናት። ሥራዋ ከሱቁ በላይ ፎቅ ላይ ያለውን ቤት ሰው ያለበት ማስመሰል ነው። መብራት ታበራለች፣ ውሃ ታፈሳለች፣ አንሶላ ታጨማድዳለች፣ ትራሱን በጡጫዋ ታጎደጉዳለች። ተቆጣጣሪው ቆሻሻ መጣያ ሳይቀር ይበረብራል ሲባል ደግሞ ደላላው ዳቦ አዘዘ፣ ተገምጦ የሚጣል። ቀጥሎ ለመንገዱ ቤቶች ሁሉ አዘዘ።

ምድጃው እንደገና ነደደ። ያ ደላላውን ረግሞ የማይጠግብ እርሾ «ለካ እነሱም ይጠቅማሉ» ማለት ጀመረ። ዳቦው የት እንደሚሄድ ያውቃል፤ ያንገበግበዋል፤ ግን የቆመ ምድጃ ከዚያ የባሰ ያንገበግባል።

እህቱ ማምሸት አመጣች። ከዚያ እዚያው ማደር። ጭራሽ ለዳቦ ብቻ ብቅ ማለት ሆነ።

«ወንድም ጋሼ፣ ለስለስ ያለውን ስጠኝ» አለችው አንድ ቀን። «ትንሹ ቅርፊት አይወድም።»

«የቱ ትንሹ?» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

በዚያው ቀን ወደ ማታ ሱቁን ዘግቶ ወደ ፎቁ ወጣ። ዛሬ እጇን ይዤ ካላወረድኳት እህቴን አጥቻታለሁ ብሎ ቆርጦ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ቤቱ ይሞቃል፣ ሰው ሰው ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ ለአባት፣ ለእናት፣ ለልጆች ሳህን ተደርድሯል፤ በየሳህኑ የተገመጠ ዳቦ አለ። እህቱ በልጅነቷ ወድቃ የፊት ጥርሷን አጥታለች፤ ስትገምጥ መሐል ላይ ቀጭን ሸንተረር ይቀራል። እርሾ ያንን ሸንተረር በሁሉም ላይ አየው። ትንሿ ሳህን ላይ ሲደርስ ግን የለም። ግማጩ የአውራ ጣት ያህል ነው፤ የጥርሱ ምልክትም ሙሉ ነው።

ዳቦውን አነሳው። «ይህን ማን ነው የበላው?»

«እንዴ፣ ትንሹ ነዋ! ቀስ ብለህ አውራ፤ አሁን ገና ነው የተኛልኝ።»

«እህት ዓለም፣ በሞቴ ቤታችን እንሂድ።»

«ቤቴ ነው ያለሁት» አለችው፣ ረጋ ብላ፣ ለእንግዳ እንደሚነገር።

ደወሉ ተደወለ። ተቆጣጣሪው ነበር፤ ገባና ሳህኖቹን፣ እሷን፣ ከዚያ እርሾን አየ። «እርስዎስ?»

እዚህ ማንም አይኖርም ቢል አለቀ። ቤቱ ይታሸጋል፣ እህቱ ዛሬውኑ ከእሱ ጋር ትወርዳለች። የመጣበትም ይኸው ነበር። ግን የዚህ ቤት ነገር ከታወቀ የመንገዱ ሁሉ ይታወቃል። እርሾ ዱቄት የለበሱ እጆቹን አየ። ምድጃው ትዝ አለው። አፈረ፤ እያፈረም ተናገረ።

«ቤተሰብ ነኝ። ሁላችንም እዚሁ ነን።»

ይህን ሲል ከመኝታ ቤቱ የሕፃን ሳል ተሰማ።

«ብርድ መቶታል፣ ትኩስ ነገር ስጡት» አለ ተቆጣጣሪው፤ ወጣ።

እህቱ ወደ መኝታ ቤቱ ሮጣ በሩን ከውስጥ ዘጋችው። እርሾ ሊጠራት እስከ በሩ ሄደ፤ ተመለሰ። ሊጠራት የሚገባው ቅድም ነበር። ብቻውን ወረደ።

ንጋት ላይ ምድጃውን አነደደና የመንገዱን ዳቦ ጋገረ። ሊጡ ሲያልቅ ከዳር ትንሽ ቆንጥሮ፣ ቅርፊት እንዳታወጣ ጥግ ላይ ብቻዋን አበሰላት። ለምን እንዳደረገው ራሱን አልጠየቀም።

እህቱ መጣች። ትንሿን ዳቦ ከሁሉ በፊት አንስታ ጉያዋ ከተተችና የወንድሟን ግንባር ሳመች።

«ድሮስ» አለችው፣ «አጎቱ አይደለህ።»